የፋብሪካው ጓሮ ክምር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ አድርጌ ነበር የሄድኩት። አለቃዬ አቶ ታደሰ ከእግር እስከ ራስ አዩኝና፣ «ይኼ ጫማ ለቢሮ ነው፤ እኛ ደግሞ ቢሮ አንቀመጥም» አሉኝ። ወዲያው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካለው መሥሪያ ቤታችን በር ላይ ፔጆ ታክሲ አስቁመው ሸሚዝ ወደሚሰፋ አንድ ፋብሪካ ይዘውኝ ሄዱ።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ዋናው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። አቶ ታደሰ ከሩቁ እጃቸውን አንሥተው ሰላም አሉትና በአጥሩ ዞረው ወደ ጓሮ ገቡ። እኔም በዚያ ጫማዬ አሸዋው ውስጥ እየሰመጥኩ ተከተልኳቸው። ጓሮው ውስጥ የጨርቅ ቁርጥራጭ ተከምሯል። ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ ዘገኑ፣ አገላበጡት፣ አሸተቱትም። ከዚያ እጃቸውን አራግፈው፣ «በይ አሁን በበሩ እንግባ» አሉኝ።

ብዙ ሰው ጉምሩክ ሲባል ሻንጣ መበርበር ብቻ ይመስለዋል። እኔ ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት የሥሪት አገር መርማሪ ሆኜ ነው። አንድ ዕቃ ወደ ውጭ ሲላክ «ይህ ዕቃ በኢትዮጵያ የተሠራ ነው» የሚል የምስክር ወረቀት ይዞ ይሄዳል። ገዢው አገር ምን ያህል ቀረጥ እንደሚጥልበት የሚወስነው ያንን አይቶ ነው። ከመፈረሙ በፊት ፋብሪካው ድረስ ሄዶ ዕቃው እውነት እዚህ መሠራቱን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

አካሄዳችን መጀመሪያ ጓሮ፣ ቀጥሎ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከዚያ የስፌት መስመር፣ መጨረሻ ላይ ማሸጊያ ነው። ቅደም ተከተሉን መሥሪያ ቤቱ ሳይሆን አቶ ታደሰ ናቸው ያወጡት። «ፋይሉን እነሱ አሳምረው ያቀርቡልሻል። ጓሮውን ግን የሚያሳምርልሽ የለም» ይሉኝ ነበር። ጨርቅ የሚቆረጥበት ቤት ቁርጥራጭ ይኖረዋል። ከሌለው፣ የሚቆረጠው ሌላ ቦታ ነው።

አንድ ጊዜ ይኸው አካሄድ ጉድ አሳይቶናል። ሸሚዝ እያሰፋሁ እልካለሁ የሚል አንድ ነጋዴ ጓሮው ተጠርጎ፣ ውሃ ተርከፍክፎበት አገኘነው። ሰውየው በንጽሕናው እንድናመሰግነው ጠብቆ ኖሯል። አቶ ታደሰ፣ «በጣም ንጹሕ ነው፤ ሸሚዙን ከየት አገር ነው የምታመጣው?» ብለው ሲጠይቁት እውነቱን አወጣ። ሸሚዙ ተሰፍቶ መጥቶ እዚህ የሚደረገው ማጠፍና ማሸግ ብቻ ነበር። ያን ቀን ከአለቃዬ ጋር እስክንደክም ሳቅን። ያኔ ሥራው ቀላል ነበር፤ አጭበርባሪው አጭበርባሪ፣ ሠሪው ሠሪ ነበር።

የድሬዳዋ ቁርጥራጭ ጓሮ አይከርምም። የመጋላ ገበያ ሴቶች በጆንያ እየሞሉ ይወስዱትና ለይተው ትራስና ፍራሽ ይሞሉበታል። ከእነሱ አንዷ አዴ ዘይነባ ናት። የምተኛበትን ፍራሽ የሠራችልኝ እሷ ናት። እሷ ጆንያዋን ስትሞላ እኔ እፍኜን ስዘግን ጓሮ ለጓሮ እንገናኛለን። «አቦ አስኩ፣ መንግሥትም ቁርጥራጭ መልቀም ጀመረ እንዴ?» ትለኛለች። ስሜ አስካለ ነው፤ ድሬ ግን ስም አሳጥሮ፣ አንቱታውን ትቶ ነው የሚጠራህ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

አቶ ታደሰ ጡረታ ወጥተው እኔ ከፍተኛ መርማሪ ከሆንኩ በኋላ አንድ የቻይና ኩባንያ ከከተማው ዳር የትከሻ ሻንጣ ፋብሪካ ከፈተ። ለመጀመሪያ ምርመራ ስሄድ በልማዴ በጓሮ ገባሁ። ክምሩ ከቁመቴ በላይ ነው፤ ሰማያዊ ሸራ፣ ገና ከቢላ የወጣ። ከክምሩ አጠገብ አዴ ዘይነባ ጆንያዋን ዘርግታለች። «ግቢ ግቢ፣ ልጄን ታገኛታለሽ» አለችኝ።

ልጅዋ ፈቲያ የቆራጮቹ አለቃ ነበረች። ሸራውን ድርብርብ አድርገው ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ያነጥፉታል፤ እሷ ሞዴሉን ከላይ አስቀምጣ በጠመኔ ታሰምራለች፣ ከዚያ የኤሌክትሪክ መቁረጫውን ይዛ በመስመሩ ላይ ትሄዳለች። ጥግ ላይ ስትደርስ ትንፋሿን ትይዛለች። ከላይ ያለው ጨርቅና ከታች ያለው አንድም ቦታ አይዛነፍም። ቆሜ ማየቴን ስታውቅ መቁረጫውን አጠፋችና፣ «እትዬ አስኩ፣ እናቴ የሰው ቁርጥራጭ እየለቀመች ነው ያሳደገችኝ። አሁን የምትለቅመው የኔን ነው» አለችኝ። የዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ፈረምኩ።

ከዚያ አሜሪካና ቻይና በንግድ ተያያዙ። አንዷ ቀረጥ ስትጨምር ሌላዋ ትመልሳለች። አሜሪካ ከእኛ አገር በሚሄድ ዕቃ ላይ የምትጥለው አነስ ያለ ስለነበር መጀመሪያ ላይ ለፋብሪካው ሠርግ ሆነለት። ትእዛዝ በላይ በላዩ መጣ፤ ሴቶች ተቀጠሩ፤ ጠዋት ጠዋት በዚያ መንገድ ባጃጅ ማግኘት አልተቻለም። እኛም ቢሮ ውስጥ ሌሎቹ ሲጣሉ ለእኛ ይሁንልን እያልን እንቀልድ ነበር።

ቀልዱ ብዙም አልቆየ። ቀረጡ በየጊዜው መለዋወጥ ጀመረ። ደረቅ ወደብ ላይ የሚከፈተው የፋብሪካው ኮንቴይነር በፊት ጥቅል ጨርቅ ነበር የሚይዘው። አሁን ግን ተቆርጦ፣ በልክ በልኩ ተደርድሮ በካርቶን የታሸገ ሸራ ይዞ መምጣት ጀመረ። በዚያው ሰሞን አዴ ዘይነባ ባዶ ጆንያዋን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ቢሮዬ መጣች። «ኸለስ፣ ቁርጥራጭ የለም። ልጄንም ከጠረጴዛው አንሥተው ዚፕ መስፋት ላይ አስቀምጠዋታል» አለችኝ።

የፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ዌይን ሄጄ ጠየቅሁት። ጨዋ ሰው ነው፤ ሻይ አስመጣልኝና በአስተርጓሚው በኩል አስረዳኝ። «ቀረጡ ሊጨምር ነው ሲባል ዕቃው ከዚያ በፊት መርከብ ላይ መሆን አለበት። ጥቅል አምጥቼ እዚህ እስክቆርጥ ገዢው አይጠብቀኝም። እናት ፋብሪካችን ቆርጦ ይልክልኛል። ስፌቱ እዚህ ነው፣ ዚፑ የሚገባው እዚህ ነው፣ ማንገቻው የሚያያዘው እዚህ ነው። ታዲያ ይህ ሻንጣ የት ተሠራ ትያለሽ?»

ጥያቄው የማጭበርበር አልነበረም። ያን ንጹሕ ጓሮ ያሳየን ነጋዴና ሚስተር ዌይ ለየቅል ናቸው። ደንባችን የሚለው «በቂ ሥራ የተሠራበት» ነው። ምን ያህሉ እንደሚበቃ አይናገርም። እኛ በልማድ የምንፈርመው መቆረጡም መሰፋቱም እዚህ ከሆነ ብቻ ነበር፤ ግን ልማዱ የመጣው ጠብ ባልነበረበት ዘመን ነው። እኔ ብቻዬን ልወስን አልፈለግሁምና ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ጻፍኩ፦ በውጭ አገር ተቆርጦ በኢትዮጵያ የተሰፋ ዕቃ የማን ነው?

«በነባሩ አሠራር ይቀጥሉ» የሚል መልስ መጣ። እንደገና ጻፍኩ። ያው መልስ መጣ።

ከዚያ አንድ የሕግ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ለስልጠና መጣ። ቁጥብና አስተዋይ ወጣት ነው፤ አሁንም አልጠላውም። በሻይ ሰዓት ጠጋ ብዬ ስለ ደብዳቤዬ ጠየቅሁት።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ጥያቄዎ እኔ ጋ ነው ያለው» አለኝ። «መስፋት ይበቃል ብለን ብንጽፍ አሜሪካኖቹ፣ ለቻይና ዕቃ መሿለኪያ ሆናችሁ ይሉናል። መቁረጥ ግዴታ ነው ብለን ብንጽፍ ቻይናዎቹ ፋብሪካቸውን ነቅለው ይሄዳሉ። ሁለቱንም እንፈልጋቸዋለን። ስለዚህ ለጊዜው ምንም ባንጽፍ ነው የሚሻለው።»

«እኔስ?» አልኩት።

«እርስዎማ ልምድ አለዎት።»

ልምድ አለዎት መባል እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም። አዲስ አበባ ላይ ሁለቱንም ላለማስቀየም ዝም ተባለ፤ ድሬዳዋ ላይ ግን እኔ ዝም ማለት አልችልም፤ ወይ እፈርማለሁ ወይ አልፈርምም።

ለሚስተር ዌይ እዚህ ያልተቆረጠ ሻንጣ ላይ መፈረም እንደማልችል ነገርኩት። ከዋናው ኩባንያ ጋር እነጋገራለሁ አለኝ። ወሬው ፋብሪካው ውስጥ በአንድ ቀን ተዳረሰ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ፈቲያ ከዚራ ቤቴ ድረስ መጣች። ውሃ ስሰጣት ሳትጠጣ ብርጭቆውን ይዛ ተቀመጠች።

«አቦ እትዬ፣ አንድ ፊርማ እኮ ናት» አለችኝ።

«ውሸት ትሆንብኛለች ፈቲያ።»

«የምን ውሸት? ማሽን ላይ የተቀመጡት ሴቶች ውሸት ናቸው? ወላሂ መርፌ ጣታቸውን የወጋቸው እዚሁ ድሬ ነው።»

ያገሬን ነገር አስረዳኋት። የገዢው አገር መርማሪዎች መጥተው ቢደርሱበት የእናንተ ሻንጣ ብቻ አይደለም የሚታገደው፤ ከዚህ አገር የሚወጣ ሸሚዝም፣ ጫማም፣ ሁሉም ይጠረጠራል አልኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። እንዲገባት እንጂ እንድታዝን አልፈለግሁም፤ ግን ሁለቱም ሆነ።

«ብንቆርጥስ?» አለች በመጨረሻ።

«ብትቆርጡማ ዓይኔን ሳላሽ እፈርማለሁ።»

ፊቷ በራ። ውሃዋን ጭልጥ አድርጋ ጠጣችና፣ «ሀዬ፣ በቃ!» ብላ ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካው ለምርመራ ጠራኝ፤ መቁረጥ ጀምረናል ብለው ጻፉልኝ። ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ሄድኩ። ሚስተር ዌይ በሩ ላይ ቆሟል። ሰላም ብዬው በአጥሩ ዞርኩ።

ክምሩ አለ! ሰማያዊ ሸራ፣ እስከ ወገቤ። ተመስገን አልኩ፤ ድምፅ አውጥቼ ነው ያልኩት። ጎንበስ ብዬ አንድ እፍኝ ዘገንኩ።

ትኩስ ቁርጥራጭ እጅ ውስጥ አይጨበጥም፤ ይነፋል፣ ያመልጣል። ይኼኛው ግን ጆንያ ውስጥ ተረግጦ የከረመ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ ነው። አሸተትኩት። የሸራ ሽታ የለውም፤ መጋላ መጋላ ይሸታል። በጣቴ ስፈለቅቀው መሐሉ ላይ የደረቀ ገረባ አገኘሁ፤ ጫት ቃሚ መርጦ የሚጥለው ቅጠል። ፋብሪካው ውስጥ ጫት ይዞ መግባት ከሥራ ያስባርራል። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ የጆንያ አፍ የታሰረበት ቀይ የሻሽ ቅዳጅ አለ። ቋጠሮውን አውቀዋለሁ። ፍራሼ የመጣልኝ በዚያው ዓይነት ታስሮ ነበር።

ገረባውን ኪሴ ከተትኩና በበሩ ገባሁ።

ፈቲያ የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ቆማለች። ከየትም ብለው አንድ ጥቅል ሸራ አግኝተዋል፤ ተነጥፏል፣ ተሰምሯል። እኔ ስደርስ መቁረጫውን አስነሣችና መቁረጥ ጀመረች። ጥግ ላይ እንደ ድሮዋ ትንፋሿን ያዘች። እንዲህ አምሮ ሲቆረጥ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሚስተር ዌይ ፈገግ ብሎ ያየኛል። ስለ ጓሮው ያውቅ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ማሽን ላይ ያሉት ሴቶች በሙሉ እጃቸውን አቁመው ፊቴን ያነቡ ነበር።

«ይህ ጥቅል መቼ ገባ?» ብዬ ፈቲያን ጠየቅኋት።

«ትናንት» አለች። አልዋሸችኝም።

ጓሮውን አብረን እንድናይ ጠየቅኋትና ሁለታችን ብቻ ወጣን። ክምሩ አጠገብ ስንደርስ እጄን ከኪሴ አውጥቼ ገረባውን አሳየኋት። መጀመሪያ ሳቋ አመለጣት፤ አፏን በሻርፗ ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ።

«ከእናቴ መጋዘን ነው ያመጣሁት። በጀርባዬ ነው የተሸከምኩት» አለችኝ። «ግን የራሴ ነው እትዬ። እኔው የቆረጥኩት ነው፣ አምና፣ በዚሁ ጠረጴዛ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እዚህ አልተቆረጠም ልትዪ ነው?»

«እዚህ ነው የተቆረጠው። ግን አምና ነው።»

ሠላሳ ጊዜ እፍኝ ዘግኜ ከማላውቀው ሰው ጋር ተከራክሬ አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን ግን የያዝኩት እውነት እጄን አቃጠለኝ። አቅፌያት ትንሽ ቆየንና ዓይኗን ጠራርጋ ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

ሪፖርቴ ላይ ስለ ክምሩ አልጻፍኩም፤ ማንም እሷን እንዲቀጣት አልፈለግሁም። «የመቁረጥ ሥራ በመደበኛነት አይካሄድም» ብዬ ብቻ ጻፍኩ። እሱ ይበቃ ነበር። የምስክር ወረቀቱ ተከለከለ። ሚስተር ዌይ ሲነገረው አልተቆጣም። በአማርኛ፣ «ችግር የለም» አለኝ፤ ከእኛ ከተማረው ጥቂት ቃል አንዱ ነው። ከዚያ ማሽኖቹን ፈትተው፣ በእንጨት ሣጥን አሽገው፣ በጂቡቲ በኩል ወደ ሌላ አገር ጫኑ። ሴቶቹ ተበተኑ። አንዳንዶቹ ዓረብ አገር ሄዱ፣ አንዳንዶቹ ቤት ተቀመጡ፣ የቀሩት የት እንደደረሱ አላውቅም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። ያ የሕግ ባለሙያ ነው። «ወይዘሮ አስካለ፣ መመሪያው ወጣ። የእርስዎ ጥያቄ ነው መነሻ የሆነን» አለኝ ደስ ብሎት። ላከልኝ፣ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ጥሩ መመሪያ ነው። በውጭ ተቆርጦ የመጣ ጨርቅ እዚህ ሙሉ በሙሉ ከተሰፋ የኢትዮጵያ ሥሪት ነው ይላል። ቀረጥ በድንገት ሲለዋወጥ ፋብሪካዎች አሠራራቸውን የሚያስተካክሉበት ጊዜም ይሰጣል። የቀረው ነገር የለም፣ ከፋብሪካው በቀር። በዚያን ጊዜ ሁለቱ ኃያላን ተቀምጠው መነጋገር፣ ቀረጡንም ለጊዜው ማርገብ ጀምረው ነበር።

ባለፈው ፍራሼ ጎድጉዶብኝ ለማስሞላት መጋላ ሄድኩ። አዴ ዘይነባ ጉልበቷን አሟት ቤት ውላለች፤ ሱቁ ውስጥ ያለችው ፈቲያ ናት። በልብስ ሰፊ መቀስ የፍራሽ ልብስ ትቆርጣለች። ወንበር ሰጠችኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፤ እናቷ እንደናፈቅኳት ነገረችኝ። ከበፊቱ ከሳ ብላለች። ክፉ ቃል አልወጣትም፤ እሱ ይባስ ከበደኝ።

«አዲስ ሕግ ወጣ አሉ» አለችኝ ቀና ሳትል። «ምን ይላል?»

ልደብቃት አስቤ ነበር። «መስፋት ይበቃል ይላል» አልኳት።

መቀሱ ቆመ።

«መስፋት ብቻ?»

«አዎ፣ ብቻ።»

«ያን ሁሉ ጆንያ ታዲያ ለምን ተሸከምኩት?» አለች። እኔን የጠየቀችኝ አይመስለኝም። መቀሷን አነሣችና የጀመረችውን ቆርጣ ጨረሰች፤ ጥግ ላይ ስትደርስ ትንፋሿን ያዘች። ፍራሼን በሰማያዊ ሸራ ቁርጥራጭ ሞልታ፣ አፉን በሻሽ ቅዳጅ አስራ፣ ባጃጅ ላይ አስጫነችልኝ። አሁን የምተኛው በእሱ ላይ ነው።

የጻፍኩትን ሪፖርት ዛሬም ልጻፍ ብባል ያንኑ ነው የምጽፈው። የሚቆጨኝ እሱ አይደለም። በእኔ ወንበር ለተቀመጣችሁ የምላችሁ ይኼን ነው፦ ትልልቆቹ ሲጣሉ ሕግ ሳይጻፍ መቆየቱም ውሳኔ ነው፤ ውሳኔው ግን ጓሮ በቆመ መርማሪና ጠረጴዛ ላይ በቆመ ቆራጭ ላይ ነው የሚወድቀው። ወደ ላይ ጥያቄ ስትልኩ ዕቃው የማን ነው ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። መልሱ ቢዘገይ ሥራ የሚያጣው ማን እንደሆነ በስሙ ጻፉ። ሁለቱም ደብዳቤዎቼ ላይ የፈቲያ ስም አልነበረም።